የማዘዣ ወረቀት

ነርሷ ዓይኗን ገልጣ አይታ፣ ጣቷን ወጋ አድርጋ በስለት፣
"ደሟ አንሷል" አለችና ጻፈችልኝ ወረቀት፦
ቀይ ሥጋ፣ ጉበት፣ እንቁላል፣ ፍራፍሬና ወተት።
ቁልቁል አነበብኩት።
ሽቅብ አነበብኩት።
ከወሩ ቀን ሃያ ሁለት።

"መድኃኒት የለውም?" አለች ትርሲት እጄን ይዛ፤
"የለውም፣ ምግብ ነው" ስላት ሳቀች እንደ ዋዛ።
ልጅ ምን ያውቃል፣ ከመርፌ ይልቅ የሚያመው የቱ እንደሆነ፤
ኪሴ ውስጥ የቀረው ብር ስንቴ ታጥፎ እንደመነመነ።

የሌሊት ጥበቃ ነኝ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ መቶ አርባ፣
ሰው ሲተኛ የምነቃ፣ ሰው ሲወጣ የምገባ።
መኝታችን ከደረጃው ሥር፤ እራት ዳቦ በሻያችን፤
እናቷ ቤይሩት ከሄደች ወዲህ ይኸው ነበር ሕጋችን።

ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። መድኃኒት ቤቱን አለፍኩት።
ሥጋ ቤቱን፣ ዓይኔን ሰብሬ፣ በወዲያኛው ጥግ ዞርኩት።
አስፋልቱ ዳር፣ ማዳበሪያ ላይ፣ ጎመን ዘርግታ ካለች፣
ከአዴ ጌጤ ፊት ቆምኩ። ወረቀቱን አየች።
"ፊደል አላውቅም፤ ጮክ ብለህ አንብብልኝ" አለች።

"ቀይ ሥጋ" አልኳት፤ ጎመኗ ላይ ውኃ ረጨች።
"ጉበት" አልኳት፤ ሰው የጠራት ይመስል ዞር አለች።
"እንቁላል።"
"እሱስ ለልጅቷ፣ በሳምንት አንድ ሁለቴ፤
አንተን ሽታው ይበቃሃል። አይደለም እንዴ አባቴ?"
"ወተት።"
"ተወው።"

ከዚያ ጥፍሯን ጭቃ በበላው ጣቷ ወደ ጎን ጠቆመች፤
"ያን ሽምብራ ታየዋለህ? ማታ ዘፍዝፈው" አለች።
"ሌሊቱን እንደሁ አትተኛ፤ አብሮህ ያድራል እዚያው፤
ጠዋት አብጦ ታገኘዋለህ፣ ልክ እንደ ሹመኛ ሰው።
ቀቅለው። ጎመኑን ግን አታሰቃየው፤ አንዴ ብቻ ገልበጥ አርገው፤
ሎሚ ጨመቅ አድርግበት፤ ግማሹን ለነገ አቆየው።
ሻይዋን ደግሞ..." ድምጿን ዝቅ አደረገች እንደ ሐሜት፣
"ከገበታ ጋር አታጠጣት፤ ይሰርቃታል ከደሟ ቤት።
የልጄ ልጅ የታመመች ለት ጤና ጣቢያ ነው የነገሩኝ።"

ሻይ!
ሳቅም እንባም አልመጣልኝ።
የሰው በር ጠባቂው እኔ፣ ሌባውን በስኳር አጣፍጬ፣
በየማታው አስገባሁት፣ ከልጄ ፊት ተቀምጬ።

"ስንት ነው?" አልኳት። "የጎመኑ ሃያ። ሽምብራው ያገርህ ነው።"
"የትኛው አገሬ?" ስላት፣ አገጯ ነበር የመለሰው፤
ብሎኮቹን አሳየችኝ፣ ግራጫቸውን፣ ልብስ የተሰጣበትን፤
"አንተ የምትጠብቀው በር ሥር ነበር ማሳችን።
መስከረም ላይ እንዘራለን፣ መሬቱ ውኃ ጠጥቶ ሲያድር፤
ጥር ላይ እሸቱን ስንጠብስ፣ የልጆቹ ከንፈር ሲጠቁር፣
ደም ማነስ የሚሉት ነገር በስሙ አይታወቅም ነበር።"

አላለቀሰችም። አልረገመችም።
ሃያ ብሬን በመቀነቷ ቋጠረችና፣
አንድ ሎሚ መረቀችኝ፣ ትንሽ፣ ጠባሳ ያለባት።
ሌላ ገዢ መጣባት።

ማታ ለትርሲት ሰጠኋት፤ ሎሚው ፊቷን አጨማደደው፤
"ሻዩስ?" ብላ ፔርሙዙን በዓይኗ ፈለገችው።
"ነገ፣ ከሰዓት" አልኳት። ኩርፊያዋ እንቅልፍ ወሰደው።

ሌሊት ከበሩ አጠገብ፣ ባጋመስነው ጀሪካን፣
ሽምብራው ውኃውን ሲምግ እሰማለሁ፣ ብርዱን ተጋርተን።
አንዳንዴ ወደ ሲሚንቶው ጆሮዬን ጣል አደርጋለሁ፤
የተቀበረ ዘመዱ ከሥር ቢጠራው ብዬ...
ሥራዬ ነው። እጠብቃለሁ።

ጠዋት ስገባ ትነቃለች፤ የተሰበረች መስታወት አንስታ፣
የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በሌባ ጣቷ ጎትታ፣
"አባ፣ ቀላሁ?" ትለኛለች።

"ትንሽ" እላታለሁ።
ገና ሦስተኛ ቀናችን ነው። ደሞዝ አምስት ቀን ይቀረዋል።
ከምርቃቱ ሎሚ ግማሹ አለ።