በትከሻው በኩል

አዘዞ መውጫ ላይ፣ ሲኖትራክ የገጨው፣
ቦራን፣ በሦስት እግሩ፣ ቆሞ አገኘነው።
ከጉልበቱ በታች፣ የፊት ግራ እግሩ ላይ፣
አጥንቱ ብቅ ብሏል፣ ነጭ፣ ፀሐይ ሊያይ።
ዶክተር ውባንቺ፣ ዝቅ ብላ አየችው፤
“አይድንም፣ ጌታሰው”፣ ይህን ነው ያለችው።

ሰው ግጥም ብሏል። አንዱ፦ “ጥይት ይበቃዋል”፤
ሌላው፦ “ምን አደከማችሁ፣ ማታ ጅብ ይጨርሰዋል”።
ጌታሰው አይሰማም፤
በባርኔጣው ጫፍ ከቁስሉ ዝንብ ያባርራል።

እኔ ገመድ ያዥ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ።
ይህን የፊት ጥርሴን የጠዳ በቅሎ ናት የወሰደችብኝ።
ከዚያ ወዲህ፣ ማንም ሳይነግረኝ፣ ለራሴ እነግራለሁ፦
በትከሻው በኩል ቁም፣ ፊት ለፊቱ አትቁም፤
ገመዱን በክንድህ፣ በጣትህ አትጠምጥም፤
የሚወድቅ ፈረስ፣ ጎን መርጦ አይወድቅም።
ጓንትህን ደርበው። ከመርፌው ጫፍ ራቅ፤
ይህ መድኃኒት ሰውን ከፈረስ አይለይም።

“ገመዱን ልያዘው” አለ ጌታሰው፣
“ከውርንጭላነቱ ሌላ ሰው ይዞት አያውቅም።”
ውባንቺ ግን፦ “ጆሮው ዘንድ ሁን፤ ስሙን ጥራው።
የሚወድ እጅ ይንቀጠቀጣል፤
ፈረስ ደግሞ ያውቃል።”

መጀመሪያ ማደንዘዣው።
የቦራ ራስ ቀስ እያለ ወረደ፣
ማሕሌት ላይ እንቅልፍ እንደጣለው ደብተራ፤
የታች ከንፈሩ ተንጠለጠለ፤
ጌታሰው ጠራ፦ “ቦራ”።
ጆሮው ወደ ድምፁ ዞረ።
ያን ጊዜ ሁለተኛው መርፌ በአንገቱ ደም ሥር ገባ፤
ገመዱን አላልቼ አንድ እርምጃ ሸሸሁ።
ጉልበቱን አጠፈ።
መሬቱ ከእግራችን በታች ዱብ አለ።

“ሞቷል እኮ” ይላል ሰው።
እሷ ደረቱን ታዳምጣለች፣ ሰዓቷን ታያለች፣
በጣቷ ጫፍ የዓይኑን ብሌን ትነካለች።
አልጨፈነም።
አምስት ደቂቃ። እንደገና ነካች።
“እኔ ሞተ ሳልል አልሞተም።”

ጉድጓዱ ከሰው ቁመት የጠለቀ።
“ኧረ ለጅቡ ተዉለት!” አለ ያው ሰውዬ።
“ሥጋው መድኃኒቱን ይዟል። ጅቡ በልቶ ይተኛል፣
አሞራውም ይከተለዋል።
እኔ የመጣሁት ለአንድ ሞት ነው።”

መርፌዎቹን ቆጥረን በጣሳ ዘጋን፤
ጓንቱን ገልብጠን አወለቅን፤
እስከ ክርናችን ታጠብን፣ ውኃው እስኪያልቅ።

ወደ ማታ ጌታሰው፣ አንድ ጎማው የሚንጋደደውን ጋሪ
ራሱ መካከል ገብቶ ይስበው ጀመር።
ለፈረስ “እግዜር ያጥናህ” ይባላል?
አላልኩም።
ጥቂት መንገድ አብሬው ሄድኩ፣
ዝም ብዬ፣
በትከሻው በኩል።