ሲሞላ

ሃያ ሁለት ዓመት ከቡሬ መናኸሪያ
ጉሮሮዬ ነበር የቤቴ መተዳደሪያ፤
ጅብ ገደል ሳይገባ፣ ገና በጨለማ፣
«ኮሶበር! ዳንግላ!» ስል አገር ይሰማ፤
ሾፌር እየሳቀ፣ «ፓምፕ ምን ያደርጋል?
የአንሙት ትንፋሽ ብቻ አራት ጎማ ይነፋል።»

መጀመሪያ ስትወጣ ባቄላ ታህላለች፤
ምራቄን ስውጥ ጊዜ አብራኝ ትወርዳለች።
«እንቅርት ነው» አሉኝ፣ «የአገሩ ነው፣ ተወው፤
እናትህ አንገቷን ለምን ተነቀሰችው?»
«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ስንል፣ ስንሳሳቅ፣
ከእንቅርቱ ስር ካንሰር መኖሩን ሳናውቅ፣
ኮሌታዬን ቆልፌ ጠራሁ፣ ጠራሁ፣
ድምፄ እስኪሻክር፣ እስኪሰነጠቅ።

ዓባይን ወርጄ፣ ዓባይን ወጥቼ፣
በባዶ ሆዴ አዲስ አበባ ተኛሁ።
ነርሷ መቀስ ይዛ «ይህ ክር ይቆረጥ» አለች፤
በዓይኔ ለመንኳት።
ፈታችና አንጓዬ ላይ አሰረችው፣ እንደ ሰዓት።
ስነቃ ማተቤ አለ፤
አንገቴ ላይ ግን ሌላ ማተብ፣
ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ በቢላ የተፈተለ፤
ይሄኛውን ማንም አይበጥሰው።

ከዚያ ድምፄን ጠራሁት። አልመጣም።
ስንቱን አገር የጠራ ሰው
ድምፁን ጠርቶ አጣ።

ዶክተሩ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አነሳ፤
ሳንባዬ ማሳ ሆኖ አየሁት፣
ነጭ ጤፍ፣ በእጅ የተበተነ።
«ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው» አለኝ።
የገበሬ ልጅ ነኝ፣ የዘር ነገር ይገባኛል፤
ያልገባኝ የአጨዳው ወር ነው።

አሁን ማልጄ አንዲት ክኒን እውጣለሁ፣
የተቆረጠችውን እጢ የምትተካ፣ ቅያሪ ሾፌር።
ጣቶቼ ሲነዝሩኝ ካልሲየም።
በጾም የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው፣
«ዋጠው፣ አንተ ራስህ ጾም ሆነሃል» አሉኝ።

ምንይችል ነው ዛሬ የሚጠራው። ድምፁ ጥሬ ነው፣
«ዳንግላ»ን ይነክሳታል፣ መጎተት አያውቅም።
የመኪናውን ጎን በመዳፌ እመታለሁ፦
አንዴ ቁም፣ ሁለቴ ሂድ።

ማታ ትርንጎ፣
ሃያ ዓመት የጮህኩባት ሴት፣
ጆሮዋን ከከንፈሬ ታስጠጋለች።
«ምን አልክ?» ትላለች፣
አንዳንዴ ምንም ሳልል።

«መቼ ነው የሚነሳው?» ይሉኛል መንገደኞች፣ ለምደው።
በጣቴ አሳያቸዋለሁ፦ ሲሞላ።
ዶክተሩንም ጠይቄው
ያንኑ ነው የመለሰልኝ፣ ዞር ባለ ቃል።

ዋሽቻለሁ፣ ይቅር ይበለኝ፤
ግማሹ ወንበር ባዶ ሆኖ ሳለ
«አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ! ወጣን!» ብያለሁ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ።
እንግዲህ በላይኛው መናኸሪያ
ስሜን ይዞ የቆመውን ጠሪ፣
እሱንም እንደ እኔ
ውሸታም ያድርግልኝ።