የግራ ጥርስ

ወንጂ ላይ አባቴ ብስክሌት ይጠግን ነበር፣
ከፋብሪካው አጥር ሥር፣ ከአገዳው ዳር።
«ልብ በይ» ይለኛል፣ ፔዳል ነክሶ በመፍቻ፣
«ሁሉም በቀኝ ይጠብቃል፤ የግራው ፔዳል ብቻ
በግራ ነው። ጥርሱ ሲቀረጽ ግራ ነው፤
በቀኝ ብለሽ ብትታገዪው ጥርሱን ነው የምትበዪው።»

እኔም ግራኝ ነበርኩ። መምህር ጥሩሰው
እርሳሴን ከግራዬ ነጥቆ ለቀኜ እየሰጠው
ሦስት ዓመት ደከመ። ጽሕፈቴ ግን ዛሬም
ነፋስ እንደገፋው ይጋደማል፤ ቀኜ አልለመደም።
እናቴ «በቀኝ ያውልሽ» ስትለኝ ማለዳ
አሜን እላለሁ፣
ግራዬን ኪሴ ውስጥ ከትቼ እንደ እዳ።

አዳማ። የዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት፣
መስኮቱ ጥቁር ጨርቅ የለበሰበት።
ውጭ ነፋሱ የመንገዱን አቧራ ገምዶ
እንደ ምሰሶ ያቆመዋል፤ እዚህ ከመሬት በታች ወርዶ
ብርሃን ይገመዳል። ዲንቂቱና እኔ
ጨረሩን እንጠመዝዘዋለን፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ወገኔ።
ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ቀለበት ነው፣ መሃሉ ጨለማ፣
እንደ ብሎን ጥርስ እየዞረ የሚሄድ፣ ድምፅ የማያሰማ።

ሁለት ብልቃጥ አለ። የውስጣቸው ክብደት እኩል፣
የሚፈሉበት ሙቀት እኩል፣
አንዱ በመስታወት ፊት የቆመ ሌላው ይመስል።
አንዱ ናና ናና ይላል፤ ሌላው ናና አያውቅም።
ሚዛን አይለያቸውም። ቴርሞሜትርም።
እጅ የሌለው ብርሃን ለሁለቱም ሰላምታው አንድ ነው፤
እጅ ያለው ግን ሲጨብጥ ያውቃል፣
መዳፍ ሲገጥምለት፣ መዳፍ እንቢ ሲለው።

«ግራ ገባኝ» አለች ዲንቂቱ፣ አራተኛው ሌሊት ላይ፣
ቁጥሩ እኩል፣ አሁንም እኩል ሲሆን ስታይ።
«ይግባሽ» አልኳት። ሳቅን።
ቀጥሎ ከሺህ ሦስት
ልዩነት ወጣ። ትንሽ ነው፤ ትንኝ ብታስነጥስበት
የሚጠፋ። ልንደግመው ስንል መብራት ሄደ።
ማራገቢያው እያቃሰተ ቆመ፤ ቀለበቱ ከግድግዳው ወረደ።

ስልኬን አልፈለግሁም። ደብተሩን ዳበስኩ፣
ቁጥሩ ሳይጠፋኝ ቶሎ ብዬ በጨለማ ጻፍኩ።
መብራት ሲመጣ ዲንቂቱ ጎንበስ ብላ አየችው፤
ሰባት አሃዝ፣ አንድም ያልተጋደመ፣ ቀጥ ያለ ነው።
«በየትኛው እጅሽ?» አለች። ብልቃጦቹን አቀያየርኩ፤
ቁጥሩ ገና አይታመንም። ከመጀመሪያው ጀመርኩ።