ወርቅ ሲያንስ ይቀላል

በሹወይኽ፣ ከወደቡ ፊት፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
እሳት አለኝ ምድጃ አልባ፣ ነበልባሉ የማይታይ።
የብረት ሣጥን ነው፤ ወንድሙ በየማድ ቤቱ
የትናንት ሩዝ ያሞቃል፣ «ጢጥ» ይላል ሲሞላ ሰዓቱ።
የኔው ግን ዋጋው የመኪና፤
ጠርሙሱን ሳይነካ ያልፍና
ከመሐል ይጀምራል፣ እንደ ሐሜት፦
ከውጭ ምንም፤ ውስጥ ለውስጥ ግን ትኩሳት።

የወርቅ ጨው ጠብ አደርጋለሁ፣ ቢጫ፣ ሎሚ የነካው ውሃ መሳይ፤
ዘጠና ሰከንድ። ቢጁ ያማትባል፣ ከዚያ ይጠጋል ሊያይ።
አሥራ አንድ ጊዜ ጠቆረ። አሥራ አንድ ጊዜ ተጓጎለ፤
ወርቁ ዘመዱን ፍለጋ፣ እርስ በርሱ እየተጠቀለለ
ከታች ዝቃጭ ሆኖ ቀረ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀላ።
እንደ ጠጅም አይደል፣ እንደ ደምም፤ ሌላ፤
ያፈረች ልጅ ጆሮ ላይ የሚመጣው ዓይነት።

ወርቅ ሲያንስ ይቀላል። ይህን ለሉባባ ስነግራት፣
«ሲያንስማ ይቀላል!» አለች፣ አምባሯን በመዳፏ መዝና፣
«የሙባረኪያው ነጋዴ ሚዛን ላይ አሳይቶኛልና።»

ስድስት ግራም። የሁለት ዓመት ጉልበት።
ሐሳቧ ባቲ ላይ ሁለት መቶ ካሬ፣ አንድ ዘይቱን፣ ቆርቆሮ ቤት።
እኔ እንደ ልማዴ ወረቀት ስቤ አሰላሁላት፦
አምባርሽ ደቅቆ፣ ደቅቆ፣ በአምስት ናኖሜትር ቢበተን፣
የገጹ ስፋት ብቻውን ከሦስት መቶ ካሬ ይበልጣል።
ሳቀች። «ታዲያ ካርታው በማን ስም ይወጣል?»

ካታሊስት ምንድን ነው? አለችኝ። ሽማግሌ ነው፣ አልኳት፤
የማይቀራረቡትን ያቀራርባል፣ ያስማማል፣
እሱ ግን ሳይለወጥ፣ እንደ ሄደ ይመለሳል።
«የኔው ደላላ ከወዲህም ከወዲያም በላ፤
የአራት ወር ደሞዜን።»
ደላላ ካታሊስት አይደለም።
«አዎና፣ እሱማ ወፈረ።»

ጥር ነበር። ኩዌት ይበርዳል ቢሉት አገር ቤት ማን ያምናል?
የበረሃው ነፋስ ግን አጥንት ድረስ ይገባል።
ጃህራ፣ ከግቢው ጀርባ፣ ከውሃው ጋን ሥር ክፍሏ፤
መስኮት የለው።
«ከሰል አስገባሁ» ይላል በስልኬ የቀረው ቃሏ፣
«ብርዱ አላስቀምጥ አለኝ፤ የበሩንም ሥር በጨርቅ ደፈንኩት።»
ስልኬን አጥፍቼ፣ ያንኑ ጋዝ
በጠብታ በጠብታ ስለካ አደርኩና
ጠዋት ሰማሁት።

ካርቦን ሞኖክሳይድ። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ኮቴ የለው።
ከኔ ራስ በላይ ሁለት ደወል፤ ከሷ ራስ በላይ ጣሪያው።
ክብደቱን አውቃለሁ፣ የአቶሞቹን ርቀት፣
በደም ውስጥ የማንን ወንበር እንደሚቀማ።
ማወቄ ምን ሠራ?
ጉንጯ ቀልቶ ነበር፣ አሉኝ፣ የተኛች ይመስል።
ቅላቱን አልጠየቅሁም። ቅላቱን አውቀዋለሁ።

ዛሬ ወርቁ በቱቦው መሐል አቧራ ላይ ተቀምጧል፤
በአንዱ ጫፍ ገዳዩ ገብቶ፣
በሌላው፣ በአርባ ዲግሪ፣ የሰው ትንፋሽ ሆኖ ይወጣል።
መስመሩ ስክሪኑ ላይ ወረደ፤ ቢጁ አጨበጨበ።
ፕሮፌሰር ሙኒራ መነጽሯን ገፋ አድርጋ፣
«አንድ ነጥብ መንገድ አይሆንም፤ ድገመው» አለች።
ደገምኩት።
ሦስቴ ደገምኩት። ወረደ።

አምባሯ በሰው እጅ ሄደ፣ በሻሽ ጫፍ ተቋጥሮ፤
እናቷ አልሸጥም አሉ።
ይኸኛው ወርቅ ከቱቦ ወጥቶ ከሰው ክፍል ለመግባት
አሥር ዓመት ይፈልጋል፣ ያውም ከተሳካለት።
ደወል ግን ሦስት ዲናር ነው። ሁለት ባትሪ።

ክፍሉ ውስጥ ሌላ ልጅ ገብታለች ይላሉ።
አርብ ከሰዓት፣ ጃህራ፣ ደወሉን በኪሴ ይዤ
በራቸው ላይ ቆሜያለሁ።
«ሚኑ?» ይላል የግድግዳው ድምፅ።
ማን ልበል?