ለቀህ ስማ

ሱቄ ከወደቡ በላይ ነው፤ ገመድ፣ ጨው፣ ሻማ እሸጣለሁ፤
ሲመሽ ደግሞ ጄኔሬተሬን አስነሥቼ
የሰፈሩን የእጅ ሬዲዮ በሳንቲም ቻርጅ አደርጋለሁ።
ስልክ እዚህ አይሠራም። ከቺሎዌ ወዲህ ማዶ፣
ባሕሩ መሬቱን በጥርሱ በቆራረሰበት፣
ሰው ከሰው የሚደርሰው በዚህች በጥቁሯ ሳጥን ነው፤ አንቴናዋ ጣት በማታህልበት።

ቻናሉ አንድ ነው፤ ግድግዳ የሌለው ቤት።
የማን ድንች እንደ በሰበሰ፣ ማን ለማን ዕዳ እንዳለበት፣
ሁሉም ይሰማል፤ እንዳልሰማም ይሆናል፤
ጉርብትና እኛ ዘንድ ይህን ይመስላል።

ኤዱቪናና ሴሌዶኒዮ ሠላሳ ዓመት በአንድ ጣራ
እሷም ስትናገር እሱም ሲናገር፣ ሰሚ ሳይኖር በተራ።
ሬዲዮዋ ናት ያስታረቀቻቸው። ግትር ናት፦
ቁልፉን የተጫነ አይሰማም፤
መስማት የፈለገ ጣቱን ያነሣል፤ ሌላ ሕግ አታውቅም።
«ዳቦው ወጥቷል፣ ተቀበል» ትለዋለች ከኮረብታው፤
«መልሕቅ ጣልኩ፣ ተቀበይ» ይላታል እሱ ከጀልባው።
ቤት ሲገቡ ግን ያው ናቸው፤
ምድጃ ዳር ቁልፍ የለም፣ ማን ጣቱን ያንሣላቸው?

ሐሙስ ዕለት ለባሕር ጃርት ቀዝፎ ወጣ።
ቀትር ላይ ጉም ወረደ፤ እርጥብ ሱፍ መስሎ ከደቡብ መጣ፤
የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ፣ የእኔም ደጅ እንኳ ታጣ።

«ኤዱቪና፣ ምንም አይታየኝም። ባትሪዬም ቀይ አብርቷል፣ ተቀበ…»

እጄ ሚዛኑ ላይ ቀረ።
ያቺን ባትሪ ቻርጅ ያደረግኋት እኔ ነኝ፤ ማክሰኞ ሌሊት
ለሁለት ሊትር ቤንዚን ሳስቼ ሞተሩን ያጠፋሁት፣
ገና በግማሽዋ። ገንዘቡን ግን ሙሉውን ተቀበልኩት።

እሷ አልጮኸችም።
«አትናገር» አለችው፤ «ባትሪ የሚበላው አፍህ ነው።
ቁልፉን ብቻ ንካ። አንዴ ጠቅ፣ አዎ ነው፤
ሁለቴ ከሆነ፣ አይደለም ነው። ገባህ?»

ጠቅ።

«የአብዶን ውሻ ሲጮህ ይሰማሃል?»

ጠቅ። ጠቅ።

«ማዕበሉ ድንጋይ ሲመታስ?»

ጠቅ።

«በቀኝህ?»

ጠቅ። ጠቅ።

«እንግዲያው ከጥርሱ ድንጋይ ውጭ ነህ።
ቀስ ብለህ ቅዘፍ፤ ድምፁን በግራህ አድርገህ።»

አሥራ አንድ ጀልባ፣ አርባ ቤት፤ አንድም ሰው ቁልፍ አልነካ።
የእኔም ይቅርታ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰካ፤
ልናገር ብል ጠቅታውን እንዳልውጥበት ፈራሁ፤
ፍርሃት ይሁን ቸርነት፣ እስካሁን መለየት አቃተኝ፤ ብቻ ዝም አልኩ።

አንድ ሰዓት እንዲህ ሄደ። ውሻው ተሰማው፤
የደወሉ ምሰሶ በቀኙ አለፈው።
ያን ጊዜ፣ ክፉው ካለፈ በኋላ ይመስለኛል፣ ድምፅዋ ተለወጠ፦
«ሴሌዶኒዮ፣ ያቺ እናቴ የሰጠችኝ ጥጃ፣
ገደል ገብታ ሞተች ያልከኝ… ሸጠሃት ነው?»

ሽሽታ ብቻ፤ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ።
ደሴቱ በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ።

ጠቅ።

ሁለተኛውን ጠበቅን።
አልመጣም።

እሷ ስታወራው አመሸች፣ ይስማት አይስማት ሳታውቅ፤
ስለ እንጨቱ፣ ስለ ሾርባው፤ ስለ ጥጃዋ ግን አንድም ቃል ሳትጠይቅ።
ሲጨልም የመቅዘፊያ ድምፅ ወደቡ ውስጥ ገባ።
እሷ ፋኖስ ይዛ ቆማለች። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤
የዚያን ጊዜ ሬዲዮ አልያዙም።

ዓርብ ጠዋት ኤዱቪና ባትሪዋን አመጣች፤ ቀዝቅዛለች፣ ሞታለች።
ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤
«ማክሰኞ ሞልተሃት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

አልሞላኋትም ብል ለእሱ ማምለጫ፣ ለእኔ ዕዳ፤
ሞልቻታለሁ ብል ያቺ አንዲት ጠቅታ አዎ ሆና ልትቀር በዚያ ጎጆ ጓዳ።
አፌ እምቢ አለኝ። ጠረጴዛውን በጥፍሬ መታሁት፣
አንዴ፤
ሁለተኛውን ልድገመው፣ አልድገመው እያልኩ
እሷ ሄደች። እኔም ጄኔሬተሩን ሳላጠፋው አደርኩ።