ሁለት ዓይን፣ አንድ ቦርሳ

ኩሬሳሬ ከተማ፣ ከወደቡ በላይ፣
መጋቢት ነው፤ በረዶው ገና አለ ጣራው ላይ።
ራይቮ ሁለት ዕቃ አወጣ ከመስታወቱ ሣጥን፣
ጎን ለጎን አስተኛቸው፣ እንደ መንታ ሕፃን።

«ይኼኛው የሙያ ነው፤ ለሽቦ፣ ለቧንቧ፣ ለግድግዳ፤
በዲግሪ ይነግርሻል የጋለውን ብሎን፣ ነፋስ የሚገባበትን ቀዳዳ።
ያኛው ደግሞ የደን ነው፤ አንድ ዓይና፣ ረጅም ቱቦ፣
ከርከሮን ከሺህ ሜትር ይለያል፣ በጭጋግ ተከቦ።
ዲግሪ ግን አይቆጥርም። ትኩስ ነው ይላል፣ በቃ፤
ስንት እንደተኮሰ ብትጠይቂው ዝም ይላል፣ እንደ ዕቃ።»

ገንዘቤ ለአንዱ ነው፤ ያውም ከሩብ ጎድሎ፣
ክረምቱን ሙሉ የተለቀመ፣ በሰው ጣራ ሥር ተንጠልጥሎ።
ራይቮ ነጋዴ ነው፤ ሦስተኛ አመጣ፣ ከሁሉ የተወደደ፤
«ይኼ ነጥቡ ብዙ ነው» ብሎ ዋጋውን በአውራ ጣቱ ጋረደ።

እኔ ግን ጠየቅሁት ማስታወቂያው ላይ ያልተጻፈውን፦
ከመሰላል ቢወድቅ ይተርፋል? በጓንት ይጫኑታል ቁልፉን?
ባትሪው በጥር ውርጭ፣ ከዜሮ በታች ሃያ ላይ፣
እስከ ምሳ ይቆያል ወይ?
«ኪስሽ ውስጥ ካሞቅሽው…» ብሎ ጀመረ፤
የቀረው ቃል ጉሮሮው ላይ ቀረ።

የሙያውን አነሣሁ።
እጁን ከባንኮኒው ሲያነሣ አምስት ጣቱ እዚያው በራ፤
ሰውዬው ሄዶ ሻይ ሲቀዳ፣ ጣቶቹ ገና ከእኔ ጋራ።
ወደ መስኮቱ አዞርኩት፣ ጀልባዎቹን ፍለጋ፤
መስታወት አያሳልፈውም፤ እኔው ራሴ ቆሜያለሁ፣ አፍንጫዬ ሰማያዊ፣ በውርጭ የተወጋ።

ራሴን ሳይ ሄይኖ ትዝ አለኝ።

ባለፈው ኅዳር ነበር። የበጎቹን ጋጣ መብራት እይልኝ ብሎኝ፣
የፊውዙን ሣጥን በእጄ ጀርባ ነካሁት፤ ትንሽ ለብ አለኝ።
«ደህና ነው» አልኩት።
ደህና ነው!
በሦስተኛው ሌሊት በጎቹን አወጣ፤ ድርቆሹ ግን ከጣራው ጋር ወደ ሰማይ አረገ።
አልሰደበኝም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ዝቅ አደረገ።
ክስ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ዝምታ ዲግሪ የለውም፤
የትኛውም ሌንስ አይለካውም።

ደግሞ ያው ሄይኖ በሰኔ ሣር ያጭዳል፣ በትራክተር፤
የሚዳቋ ግልገል አይሸሽም፤ እናቱ ያስተማረችው መተኛት ነው፣ ከሣሩ ሥር።
ለእሱ የደኑ ዓይን ይሻላል፤ ከአጥር ቆሞ ሜዳውን ጨርሶ ያያል።
ሁለት ባላ ትከል ይባላል፤ የሁለተኛውን ዋጋ ግን ማን ይከፍላል?

«የሙያውን ጠቅልለው» አልኩ።
ራይቮ ቅር አለው፤ ያለ ካሜራም ታየ።
«ሜዳውስ? ሩቅ አያይም እኮ!»
«የማያየውን ርቀት እኔ በእግሬ እሄድለታለሁ።»

ሰኔ፣ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
በዚህ ደሴት ጨለማ በሰኔ እንግዳ ነው፤ መጥቶ ሳይቀመጥ ይሄዳል፤
ሣሩ ከጉልበት በላይ ነው፣ ጤዛው ቦት ጫማዬ ውስጥ ይወርዳል።
ፀሐይን መቅደም አለብኝ፤ እሷ ከወጣች ድንጋይ ሁሉ ይሞቃል፣
ድንጋይ ሁሉ ግልገል ይመስላል፤ ካሜራውም እንደ ሰው ይሞኛል።

ሃያ እርምጃ፤ ማየት። ሃያ እርምጃ፤ ማየት።
አንድ ነጭ ነጥብ፦ የወፍ ጎጆ።
ሌላ፦ ጥንቸል ነበረች፣ ሮጠች።
ሦስተኛው አልሮጠም።
ሣሩን ከፈልኩት፦ ጀርባው ላይ ነጫጭ ጠቃጠቆ፣
ከመዳፍ የማይበልጥ ፊት፣ ጆሮው ከማጅራቱ ተጣብቆ።
የሰው ሽታ እንዳይቀርበት በእርጥብ ሣር ጠቅልዬ ታቀፍኩት፤
ልቡ እንደላላ ማብሪያ ጣቶቼ ላይ ሲርገበገብ ሰማሁት።
ከአጥሩ ማዶ፣ ጥዱ ሥር፣ አኖርኩት።

ሄይኖ ትራክተሩ ላይ ሆኖ ያየኛል፤ ሞተሩን አላስነሣም ገና።
«ስንት ከፈልሽበት?» አለ። ከኅዳር ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ነውና
ዋጋውን ሳልቀንስ ነገርኩት።
አፏጨ።
ከዚያ በአገጩ ወደ አዲሱ ጋጣ አመለከተኝ፦
«ሣሩን ስጨርስ ነይና የፊውዙን ሣጥን እይልኝ።
በእጅሽ ግን አይደለም።»