አርባ ሦስተኛው ወረቀት

ስድስት ኪሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ በማይዘጋ ክፍል፣
ዘጠና ስድስት ወረቀት ተከምሮ «አርመኝ» ይላል።
ስማቸውን በብጣሽ ጋርጄ በስፒል ነው የያዝኩት፣
እጄ እንዳያደላ ብዬ ዓይኔን ነው የከለልኩት።

ከታች ታክሲው ይጣራል፣ «ፒያሳ! አራት ኪሎ!»
ሰኔ የጋራዡን ቆርቆሮ ይወግራል፣ ዝናቡን ጠጠር አስመስሎ።
እኔ ጥያቄ ሦስት ላይ ነኝ፣ ገና ጥያቄ ሦስት፣
የሁሉንም ሦስት ሳልጨርስ አልነካም አራትና አምስት።

ይህን ያስያዙኝ ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው፣
ቀይ እስክሪብቶ የማይወዱ፤ እርሳስ ነበር ብዕራቸው።
«ልጁን አትከተል» ይሉኝ ነበር፣ «ጥያቄውን ተከተል፤
ባንደኛው ያስደሰተህ ልጅ ባምስተኛው እንዳያታልል።»

ጥያቄ ሦስት፦
«የጤፍ ዋጋ ሲንር ምን ይከተላል? አብራራ። አሥር ነጥብ።»
አጭር ናት፣ ንጹሕ ናት ብዬ ኮርቼባት ነበር ያወጣኋት ማታ፣
መልሷንም ከጎኗ አስፍሬ፣ ነጥብ በነጥብ፣ ቦታ በቦታ፦
ገዢ ይቀንሳል፣ ሦስት። ወደ በቆሎ ይዞራል፣ አራት።
መስመሩን አስተካክሎ ለሣለ ሦስት፤ ተደመረ፣ በቃት።

ጠዋት ለሰባተኛው ስድስት ሰጠሁ፣ ሻዬ ሳይበርድ፣
ማታ ሠላሳ ዘጠነኛው ያንኑ ቢል አራት፤ ምን ይባላል ይህ ፍርድ?
መብራት ሄዶ ነበር። ርቦኝ ነበር። ጽሑፉም ዶሮ የጫረው ነበር፤
ታዲያ የእኔ ረሃብ በሰው ልጅ ውጤት ላይ ስለምን ይቆጠር?
ተመልሼ ስድስት አደረግሁት።

አንዳንዱ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ይጨርስና
ከጀርባ በአማርኛ ይጽፋል፦ «መምህር፣ በፈጠረዎት፣
ይህ ኮርስ ከቀረብኝ አልመረቅም፤ እህቴ ናት የምታስተምረኝ፣
ልብስ ሰፍታ።»
አነበብኩት። ዓይን አይከለከልም። ነጥብ ግን አልጨመርኩም፤
ምንም ያልጻፈው ልጅ እህት እንዳለችው አልረሳሁም።

ከዚያ አርባ ሦስተኛው መጣ።
ሥዕል የለው። አራት መስመር ብቻ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ በሰማያዊ ቀለም፦
«የጤፍ ዋጋ ሲንር የሚከተለው ለሁሉም አንድ አይደለም።
እህል በረንዳ የሚሸምተው ይቀንሳል፣ አደአ ያለው አባቴ አብዝቶ ይዘራል፤
ከማን ወገን እንደሆነ ጥያቄው አይናገርም፤ ስለዚህ መልሴ ሁለት ይሆናል።»

እርሳሴን አስቀመጥኩ።
በመልስ ወረቀቴ ብሄድ ይህ ልጅ ሦስት ነው፤
በእውነት ብሄድ የወደቀው ጥያቄውን ያወጣው ነው።

ለእርሱ ብቻ አሥር ሰጥቼ ማለፍ እችል ነበር፤ ማን ያየኛል በዚህ ሌሊት?
ግን አሥራ ሁለተኛው «ገበሬው ይዘራል» ብሎ ዜሮ ነበር ያተረፈለት።
ሃያ ስምንተኛዋም እንዲሁ። ሴት ናት ያልኩት ከእጅ ጽሑፏ ነው፤
ይህንንም ማሰብ አልነበረብኝም። ስፒሉ የጋረደው ስምን ብቻ ነው።

መልሴን ሰረዝኩት። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓምድ አሰመርኩ፦
የገዢ። የሻጭ።
ሁለቱንም ያየ ደግሞ፣ ሥዕል ባይኖረውም፣
ከሁለቱም በላይ።

ዘበኛው ጉተማ በባትሪ መጣ፣ ካፖርቱ እያንጠባጠበ፣
«መምህር፣ እስካሁን? ስንት ቀረዎት?» አለ፣ ክምሩን በዓይኑ እየሰበሰበ።
«ዘጠና ስድስት።»
«ጠዋትም ዘጠና ስድስት ብለውኝ ነበር» አለ።
ዝም አልኩ።
ላጲሱን ከወረቀቱ ሥር ፈልጌ አገኘሁ፣
አንደኛውን ሳብኩ።